የጎንደር መስክ ትንንሽ ቢራቢሮዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ምን ጠፋብህ ወንድምዓለም?

ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ይኸን ነው። ከማራኪ ሰፈር በታች ወይም በአንገረብ ወንዝ ዳር ሣር ላይ ተንበርክኬ ያገኘኝ ሰው፣ ቁልፍ የጣልሁ መስሎት አብሮኝ ሊፈልግ ያጎነብሳል። «ቢራቢሮ እያየሁ ነው» ስለው ይስቃል። ካልቸኮለ አንዷን ሰማያዊ አሳየዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ጥያቄው አያልቅም። ከታች የሰፈሩት እረኞች፣ አርሶ አደሮች፣ ተማሪዎችና አስጎብኚ ጓደኞቼ በየመስኩ ደጋግመው ያነሷቸው ናቸው።

ጎንደር የመጣ እንግዳ ቀና ብሎ ማየት ይለምዳል፤ ግንቡን፣ የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣራ የሞሉትን መላእክት። እነዚህ ግን ኑሯቸው ከጉልበት በታች ነው።

«ትንንሽ» ስትል ምን ያህላሉ?

ክንፋቸውን ዘርግተው ባለ አንድ ብር ሳንቲም ላይ የሚበቃቸው አሉ። ከሣር ሣር እየዘለለች የምትበረው፣ ሳይንሱ ዚዜሪያ ክኒስና የሚላት ሰማያዊ ቢራቢሮ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 2 ሴንቲ ሜትር ከትንሽ ናት። ዚዙላ ሃይላክስ የምትባለው ደግሞ ከእሷም ታንሳለች፤ ስትበር ቢራቢሮ ሳይሆን ነፋስ ያነሳው አመድ ትመስላለች።

በመስካችን የሚታዩትን ትንንሾች በአራት ከፍዬ ነው የማስተምረው። ሰማያዊዎቹና መዳብ መልክ ያላቸው አንድ ቤተሰብ ናቸው። ነጮቹና ቢጫዎቹ ሁለተኛው። ሦስተኛዎቹ ቡናማ ሆነው ክንፋቸው ላይ ዓይን የሚመስል ነጥብ ያላቸው፣ ዝቅ ብለው እንደ ሰነፍ የሚበሩት ናቸው። አራተኛዎቹ ሰውነታቸው ወፍራም፣ ክንፋቸው አጭር፣ አበራራቸው በጣት የተፈናጠረ ጠጠር የሚመስለው ነው፤ እነዚህን ብዙ ሰው ዝንብ ወይም የእሳት እራት ይላቸዋል፣ ቢራቢሮ መሆናቸውንም በቀላሉ አያምንም።

በአማርኛ ስማቸው ማን ይባላል?

ሁሉም ቢራቢሮ ነው የሚባሉት። ለሣሩ፣ ለወፉ፣ ለከብቱ መልክ ሳይቀር ስም ያወጣ ሕዝብ ለእነዚህ ሳያወጣ መቅረቱ ይገርመኛል። ስለዚህ እኔ በመልክና በሚበሉት ተክል ነው የምጠራቸው፦ የማገጥ ቢጫ፣ የቱልት መዳብ፣ የአተር ባለጭራ። የእኔ ፈጠራ ነው፤ የተሻለ ስም ያለው ካለ ደስ ይለኛል።

ከእሳት እራት በምን ይለያሉ?

አንቴናቸውን ይዩ። የቢራቢሮ አንቴና ቀጭን ሆኖ ጫፉ እንደ ክብሪት እንጨት ያበጠ ነው፤ የእሳት እራት ግን እንደ ላባ ወይም ጫፉ እንደሾለ ክር ነው። ቢራቢሮ የቀን ናት፤ የእሳት እራት አብዛኛው የሌሊት ነው፣ መብራት ላይ እየተወረወረ የሚቃጠለውም እሱ ነው፤ ስሙን ያወጣለት ሰው ነገሩን በሁለት ቃል ጨርሶታል። በዓለም ላይ የሚታወቁት ቢራቢሮዎች 18 ሺህ ገደማ ሲሆኑ የእሳት እራቶቹ ግን ከ150 ሺህ ይበልጣሉ። የሐር ትልም ከእሳት እራት ወገን ነው።

መቼ ልውጣ?

ከመስቀል በኋላ። አንድ ወቅት ብቻ ምረጥ ብባል ወርኃ ጽጌን፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለውን እመርጣለሁ። አበው ወሩን በአበባ ሲሰይሙት ቢራቢሮ ባይቆጥሩም ልኩን ነው የመቱት።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ክረምት ለአባጨጓሬው ነው፤ ማገጡ፣ ሰርዶው፣ ቱልቱ የሚለመልመው ያኔ ነው። ዝናቡና ደመናው ግን ክንፍ ላለው አይመችም፤ ቢራቢሮ የራሱን ሙቀት እንደኛ ከውስጥ አያመነጭም፣ ፀሐይ ላይ ክንፉን ዘርግቶ መሞቅ አለበት። መስከረም ሲጠባ ፀሐይ ትወጣለች፣ አደይ አበባውም ይፈካል፤ በክረምቱ ሲበላ የከረመው አባጨጓሬ ክንፍ አውጥቶ ይመጣል። የተሰናዳ ማዕድ ላይ እንደመድረስ ነው።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ በጥቅምት ጠዋት ማልዶ መውጣት ከንቱ ድካም ነው። የጎንደር ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ጤዛው እስኪደርቅ ማንም ንቅንቅ አይልም። ከ3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ያለው ነው ምርጡ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ትንንሾቹ ሣር ውስጥ ይገባሉ። አንድ ለየት ያለ ጊዜ ግን አለ፤ ወደ 11 ሰዓት ሲሆን ሰማያዊዎቹ ሣር ጫፍ ላይ ጭንቅላታቸውን ወደታች አድርገው ለማደር ይሰበሰባሉ። እንደ ሌሊት እንግዳ ተደርድረው ሲያድሩ ያየ ሰው አይረሳውም።

የት ነው የሚገኙት?

«የት» ከማለት «ምን ላይ» ማለት ይሻላል። ትልቁ ቢራቢሮ የአበባ ወለላ ፍለጋ ሰፈር ያቋርጣል፤ ትንሿ ግን እናቷ እንቁላል ከጣለችበት ተክል ብዙ አትርቅም። ተክሉን ያወቀ ሰው ቆሞ ይጠብቃታል፤ ያላወቀ ሲሮጥ ይውላል።

በማገጥ እንጀምር። በክረምት መውጫ በየጨፌው ሐምራዊና ነጭ ሆኖ የሚያብበው ማገጥ ከአንድ ዓይነት በላይ ነው፤ ኢትዮጵያ በማገጥ ዓይነት ሀብታም ናት፣ ሌላ አገር የማይገኙ ዝርያዎችም አሏት። ከብት የሚያደልበው ይኸው ማገጥ ኮሊያስ ኤሌክቶ የምትባለውን ብርቱካናማ ቢጫ ቢራቢሮ አባጨጓሬ ይመግባል። የኢትዮጵያ ደጋው ወገኗ በሳይንስ «ሜነሊኪ» የሚል ቅጥያ አለው፤ ይኸን ስነግራቸው «ምነው ቴዎድሮስ አላሉትም?» ያላለኝ ጎንደሬ የለም። ክንፏን ስትከድን አረንጓዴ ያዘለ ቢጫ ናት፤ ብርቱካኑ የሚታየው ስትበር ነው።

ቀጥሎ ቱልትና መቅመቆ። ቱልት አረም ነው፤ ከብት የማይበላው፣ ገበሬ የሚነቅለው፣ አጥር ሥርና በረት ዳር የሚበቅለው። ላይካና ፍሌያስ የምትባለው መዳብ የመሰለች ቢራቢሮ እንቁላሏን የምትጥለው በዚህ ወገን ተክል ላይ ነው። ከአውሮፓ እስከ እስያ የተስፋፋች ዓይነት ናት፤ የኢትዮጵያ ደጋ ደግሞ የራሱ ወገን አለው። ከከተማው ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደው ኮሶዬ ላይ ብርዱን ታግሠው ቢቆሙ፣ ገደሉን የሚያየው ሰው ሁሉ ጀርባውን የሚሰጠው ሣር ላይ ይፈልጓት። እግረ መንገዴን፣ የዚሁ ተክል ዘመድ የሆነውን እምቧጮን ጣናን ከወረረው እምቦጭ ጋር አያምታቱት፤ ስማቸው ቢቀራረብም አንዱ ጥንትም የነበረ ቁጥቋጦ ነው፣ ሌላው ከሩቅ የመጣ የውኃ አረም።

ሰርዶና ሰንበሌጥ ባለበት ደግሞ ቡናማዎቹ ባለዓይኖችና ወፍራሞቹ ዘላዮች አሉ። አባጨጓሬያቸው ሣር በሊታ ነው፤ አንዳንዱ ቅጠሉን ጠቅልሎ በሐር ሰፍቶ ውስጡ ይተኛል። የደረቀ ሣር ሲፈታቱ እንዲህ የተሰፋ ቅጠል ካዩ መልሱት።

ነጩን ፒየሪስ ብራሲኮይደስን ጎመን ካለበት ጓሮ አያጧትም። በ1849 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ በተወሰደ ናሙና ነው ለሳይንስ የተገለጸችው፤ ከኢትዮጵያ ደጋዎች ውጭ የምትታወቀው በሰሜን ታንዛኒያ ብቻ ነው። አውሮፓ ካለችው የጎመን ነጭ ጋር ዘመድ ናት።

የቤተ ክርስቲያን ቅጥርም አይርሱ። ቁስቋምና የሌሎች አድባራት ዙሪያ ያልታረሰና በጥቂቱ የሚታጨድ ሣር አለው። ሲገቡ ግን የደብሩን ጥበቃ «አባቴ፣ አበባ ላይ ያለች ነገር ለማየት ነው» ብሎ መጠየቅ ወግ ነው። ድርቆሽ ሊሆን የተከለከለ መስክ ውስጥ መርገጥም ነውር ነው፤ ባለቤቱ ሣሩን የሚቆጥረው በሸክም ነው፣ የረገጡበት ሁሉ ለማጭድ ይተኛበታል። ዳር ዳሩን ይያዙ፤ ቢራቢሮውም የሚበዛው ዳር ላይ ነው።

ሰማያዊዋ ስትቀመጥ ለምን ግራጫ ትሆናለች?

የተገለበጠ ጋቢ እንደማለት ነው። ሰማያዊው ላይኛው ፊት ነው፤ ስትቀመጥ ክንፏን ጠብቃ ትከድናለች፣ ያኔ የሚታየው ባለነጠብጣብ ግራጫው ሥረኛ ብቻ ነው። ወፍ እየተከታተላት ሰማያዊ ነገር ሲፈልግ ድንገት የጠፋችበት ይመስለዋል፤ እኔም ስንት ጊዜ ተሸውጃለሁ።

ሰማያዊነቱ ራሱ ቀለም አይደለም። ክንፏ በሺዎች በሚቆጠሩ ጥቃቅን ቅርፊቶች እንደ ጣራ ክዳን ተደራርቦ የተሸፈነ ነው፤ የቅርፊቶቹ ውስጣዊ አሠራር ብርሃኑን ሲመልስ ሰማያዊውን ያጎላዋል። የሳሙና አረፋ ላይ የሚታየው ኅብር እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ዘወር ባለች ቁጥር ድምቀቷ ይለዋወጣል። ሴቶቹ ብዙ ጊዜ ቡናማ ይበዛባቸዋል።

የክንፏ ዱቄት ዓይን ያሳውራል ይባላል፤ እውነት ነው?

እኛንም በልጅነታችን እንዲያ ብለው አስፈራርተውናል። አያሳውርም። ዱቄቱ አሁን ያልኋቸው ቅርፊቶች ናቸው፤ ዓይን ውስጥ ቢገባ እንደ ማንኛውም አቧራ ይቆረቁራል፣ በውኃ ይታጠባል። የሚጎዳው እሷን ነው፣ የረገፈው ቅርፊት ተመልሶ አይበቅልም። ምናልባት ማስፈራሪያው የተፈጠረው ለእሷ ታዝኖ ይሆናል።

አባጨጓሬ ሁሉ ቢራቢሮ ይሆናል? የሚያሳክከውስ?

ብዙው የእሳት እራት ነው የሚሆነው። ጠጉራም ሆኖ ቆዳ የሚለበልበው በአብዛኛው የእነሱ ወገን ነው። የትንንሾቹ ሰማያዊዎች አባጨጓሬ አጭር፣ ለስላሳ፣ አረንጓዴና ጠፍጣፋ ነው፤ ቅጠል ላይ ቢያዩት የተጣበቀ ምስር ይመስልዎታል። አይናከስም፣ አያሳክክም።

አባጨጓሬው ላይ ጉንዳን ሲመላለስ አየሁ። እየበላው ነው?

ይኸን ጥያቄ ያመጣልኝ የደንቢያ እረኛ ነው፤ ከተማሪ አልሰማሁትም። አይደለም፣ እያለበው ነው።

የሰማያዊዎቹ ቤተሰብ ብዙዎቹ አባጨጓሬዎች ጀርባቸው ላይ ጣፋጭ ፈሳሽ የምታመነጭ እጢ አላቸው። ጉንዳን በአንቴናው ሲዳብሰው ጠብታዋ ትወጣለች፤ ጉንዳኑም ይልሳታል። በምላሹ አባጨጓሬውን እንደ ላሙ ይጠብቀዋል፤ በተለይ እንቁላሏን አባጨጓሬው ውስጥ ልትጥል የምትመጣውን ጥቃቅን ተርብ ያባርርለታል። ያች ተርብ ከተሳካላት፣ የአባጨጓሬውን ሥጋ ከውስጥ የሚበላ ትል ትተዋለች፤ ስለዚህ ጠብታው ርካሽ ደመወዝ ነው። አንዳንዶቹ አባጨጓሬዎች ደግሞ በንዝረት ጉንዳን ይጠራሉ፤ ሰው ጆሮ የሚሰማው ድምፅ ግን አይደለም።

እንግዲህ አባጨጓሬ ሲፈልጉ ቅጠል ለቅጠል ዓይንዎን አያድክሙ። ማገጥ ወይም አተር ላይ ቁጫጭ አንድ ቦታ ሲዞር ይዩ፣ እዚያ ያገኙታል።

ሰብል ያጠፋሉ?

ገበሬ ይኸን ሲጠይቅ መልሱ ላይ መጠንቀቅ አለብኝ፤ እሱ የሚናገረው ስለ እንጀራው ነው።

አንዷ ትጎዳለች። ላምፒደስ ቦቲከስ የምትባለው፣ የኋላ ክንፏ ላይ ፀጉር የመሰለች ጭራ ያላት ሰማያዊ፣ እንቁላሏን በአተር፣ በባቄላና በሌላው ጥራጥሬ አበባ ላይ ትጥላለች፤ አባጨጓሬዋም እሸቱን ሰርስሮ ይገባል። የጎመኗ ነጭ ቢራቢሮም ጓሮ ውስጥ ቅጠል ትበሳለች። ይኸን መደበቅ አይገባም።

ገበሬውን የሚያስለቅሱት ግን ሌሎች ናቸው። ሽምብራና ባቄላ የሚበሳው ጓይ ትል የእሳት እራት ልጅ ነው። ተምችም የእሳት እራት ነው፤ በ2009 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ገብቶ በቆሎውን የፈጀው የአሜሪካ መጤ ተምችም እንዲሁ። እነዚህ በሌሊት ስለሚበሩ ማንም አያያቸውም፤ ጠዋት ማሳው ላይ የሚታየው ቢራቢሮው ስለሆነ ጥፋቱ ሁሉ በእሱ ይላከካል።

ስለ ባለጭራዋ አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለምወዳት። ጭራዋ ሥር ሁለት ጥቁር ነጥብ አለ፤ ስትቀመጥ የኋላ ክንፎቿን እያፋተገች ጭራዎቹን ታወዛውዛለች፣ ያኔ ነጥቦቹ ዓይን፣ ጭራዎቹ አንቴና ይመስላሉ። ወፍ ጭንቅላት መስሎት የሚነክሰው የክንፏን ጫፍ ነው፤ እሷ ቁራሽ ክንፍ ትታ ትሄዳለች። ጭራዋ የተቀደደ ባለጭራ ካዩ፣ አንዴ ሞትን ያታለለች ናት።

ስንት ቀን ይኖራሉ?

ክንፍ ካወጡ በኋላ ትንንሾቹ ከአንድ ሳምንት እስከ ሦስት ሳምንት ያህል። እንቁላሉ በቀናት ይፈለፈላል፤ አባጨጓሬነቱና ሽፋን ለብሶ የሚተኛበት የፑፓ ጊዜ እንደ ሙቀቱ ሳምንታት ይወስዳል። ብርድ ሲሆን ሁሉም ይዘገያል።

በበጋ የት ይገባሉ?

የሉም ማለት አይደለም፤ ተሸሽገዋል። አንዳንዱ ፑፓ ሆኖ ዝናቡን ይጠብቃል። አንዳንዱ ውኃ የማይጠፋበትን ይከተላል፤ የካቲትና መጋቢት ላይ የቀሃ ዳር፣ የአንገረብ ግድብ ዙሪያ፣ የመስኖ ቦይ አካባቢ ይሂዱ። እርጥብ ጭቃ ላይ ብዙ ቢራቢሮ ሰፍሮ ሲመጥ ያያሉ፤ አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፣ የሚፈልጉትም ጨው ነው። ከብት ሽንት የሸናበት ጭቃ ደግሞ ይበልጥባቸዋል።

ልብስ የሚቀይሩም አሉ። ትንሿ ቢጫ ዩሬማ ብሪጂታ በክረምት ሥረኛዋ ንጹሕ ቢጫ ነው፤ በበጋ የምትወለደው ግን ቀይ ቡኒ ያዘለች፣ የደረቀ ቅጠል የመሰለች ትሆናለች። ሁለት ዓይነት ናት ብዬ ለዓመታት የተሳሳትሁባት ይህች ናት።

መንገደኛም አለ። ቫኔሳ ካርዱይ የምትባለው ብርቱካናማና ጥቁር፣ ኮሸሽላ አበባ ላይ የምትታየው፣ በትውልድ ቅብብሎሽ ሰሃራን እየተሻገረች በአፍሪካና በአውሮፓ መካከል ትመላለሳለች። ከትንንሾቹ ትበልጣለች፤ ግን መስክ ላይ አብራ ስለምትገኝ ሳልጠቅሳት አላልፍም።

እየቀነሱ ነው?

መስኩ ሲቀንስ እነሱም ይቀንሳሉ፤ መስኩ ደግሞ ሲታረስ፣ ባሕር ዛፍ ሲተከልበት፣ ቤት ሲሠራበት እያየን ነው።

ብዙ ሰው ግጦሽን ይወቅሳል። እኔ በከፊል ብቻ እስማማለሁ። ሣሩ እስከ አፈሩ ከተላጨ በእርግጥ ምንም አይቀርም፤ ነገር ግን ከናካቴው ካልታጨደና ካልተጋጠ ቁጥቋጦ ይወርሰዋል፣ ማገጡም በጥላ ይሞታል። ድሮም ገበሬው እስከ ኅዳር ከልሎ፣ ዘሩ ከረገፈ በኋላ አጭዶ፣ ከዚያ ከብት የሚለቅበት ሥርዓት ለቢራቢሮ ተብሎ አልወጣም እንጂ ከዚያ የተሻለ ልናወጣላት አንችልም። እኔን የሚያሳስበኝ ከግጦሹ ይልቅ ርጭቱ ነው። ለጤፍና ለስንዴ አረም የሚረጨው ቱፎርዲ ሣርን ትቶ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን ይገድላል፤ ማገጥና ቱልት ሰፋፊ ቅጠል ናቸው። ማሳው ላይ ይሁን፤ ግን ድንበሩንና ቦዩን አብሮ መርጨት ምን ይጠቅማል?

ግቢዬ እንዲመጡ ምን ላድርግ?

አንዱን ጥግ አይጨዱት። አንድ ግቢ አውቃለሁ፣ ሣሩን በየሳምንቱ እንደ ወታደር ጭንቅላት የሚላጭ፤ «ቢራቢሮ ከእኛ ጋር አይስማማም» ይሉኛል። ሁለት እርምጃ የምታህል ጥግ ለማገጥና ለሰርዶ ይተዉ፣ አደይ አበባ ይዝሩባት፣ ከቧንቧው ሥር ትንሽ ጭቃ ይኑር። የጎመን ቅጠል አንድ ሁለቱ ቢበሳ ይተዉት።

ይዤ ማድረቅ እችላለሁ?

ለማየት ያህል በብርጭቆ ከድኖ ወዲያው መልቀቅ አይከፋም። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ግን መያዝ የለም። ናሙና ወደ ውጭ አገር ማውጣት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ፈቃድ ይጠይቃል፤ እንግዳ ይዘው የሚወጡ አስጎብኚዎች ይኸን አስቀድመው ይንገሩ።

በስልክ ፎቶ ማንሳት ይቻላል?

ይቻላል፣ ጠዋት ሳይሞቃቸው። ፀሐይን ከጎን ያድርጓት፤ ከኋላዎ ከሆነች ጥላዎ ቀድሞዎት ይደርስና ያባርራታል። ከላይ አይምጡባት፤ ተንበርክከው፣ ክርንዎን መሬት አስደግፈው፣ ቀስ እያሉ ይጠጉ። ከተነሳች አይከተሏት፣ ባሉበት ይቆዩ፤ ሰማያዊዎቹ ብዙ ጊዜ ዞረው እዚያው ሣር ላይ ይመለሳሉ። መንገደኛ መጥቶ ምን እንደጠፋብዎ ከጠየቀ አጠገብዎ ያንበርክኩት፤ ሲቆም ጥላው ይጥልብዎታል።